ሾፌሩ ሰላም የማይላቸው ሰዎች

ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በሕዝብ ጤና መድን መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ውስጥ አንድ ሾፌር ሰላም ሳይል አለፈ። ይህ ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ።

ሰማይ አልተናደም። መብራት አልጠፋም። ፎቶ ኮፒው እንኳ እንደ ልማዱ ወረቀት መብላቱን ቀጠለ። ነገር ግን ሾፌሩ ያለፋት ሴት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ነበረች፤ እሷን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ደግሞ በዚያ ቤት ሳይፈርሙ ደመወዝ እንደ መውሰድ ነው። ለምሳ ሳይወጣ አንድ ገጽ ተኩል አቤቱታ ተጽፎ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ አጣሪው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። «እንደ ስልክ እንጨት ቆጥሮኝ አለፈ» ይላል።

አጣሪው ሁለት ጊዜ አነበበውና ወደ ጣሪያው አንጋጦ ተነፈሰ። ሥራው ማጣራት ነው፤ ስሙም ከሥራው ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። «አጣሪ፣ ምሳ አትወጣም?» «አጣሪ፣ ቁልፉን አይተኸዋል?» ይሉታል። የሚያጣራው የቀውስ መኪናዋን ቅጾች ነው።

የቀውስ መኪና የሚሏት አንዲት ነጭ፣ የግራ በሯ ከውስጥ ብቻ የሚከፈት አሮጌ መኪና ናት። በውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ነርሷና ሾፌሩ። በአንድ ቤት የሰው አእምሮ ሲታወክ ቤተሰብ ይደውላል። እነሱ መጥተው ይገባሉ፤ ነገር እስኪረጋ ይቀመጣሉ፤ ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ጉብኝት የሕዝብ ጤና መድን ይከፍላል፤ አጣሪው ከፈቀደ።

ጣጣው ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ «የተሰጠ ሕክምና» የሚል ሳጥን አለው፤ ነርሷ ደግሞ ያደረገችውን የምትጽፍ ሴት ናት። «ተጫወትን» ብላ ትጽፋለች። «ሽንኩርት አብረን ላጥን» ትላለች። አንድ ጊዜማ «እሱ ሬዲዮ ሲፈታ አጠገቡ ተቀመጥን፤ ሲገጥም ተነሣን» ብላ ልካለች። አጣሪው በቀይ እስክሪብቶ «ጨዋታ በታሪፍ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ብሎ ይመልስባታል። እሷ «የማረጋጊያ ምክር ተሰጠ» ብላ ትልካለች፤ እሱ ይፈርማል። እንዲህ ሲያደርጉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ አንድም ቀን ተቀያይመው አያውቁም።

ከቅጾቹ መካከል በሰባት ሰባት ሁለት የሚያልቅ አንድ የካርድ ቁጥር አለ። የዚያ ካርድ ቅጽ ሲመጣ አጣሪው ይብስበታል። ባለፈው ወር ነርሷ «ግቢ ለካን» ብላ ብትጽፍ «መለካት የሕክምና አገልግሎት አይደለም፤ ቀውሱም በበቂ ሁኔታ አልተብራራም» ብሎ መለሰባት።  ካርዱ የታላቅ ወንድሙ ነው። የተለካው ግቢ የራሱ የአጣሪው ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ የያዘው ሾፌሩ ሲሆን፣ በመስኮት ቆሞ ቀውሱን በበቂ ሁኔታ ሲመለከት የዋለው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ወንድሙን «ጋሼ» ይለዋል። ጋሼ ቀያሽ ነበር። የሰው መሬት ሲለካ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከመስክ ሲመለስ የግቢያቸው አጥር ወደ ውስጥ በስንዝር የገባ መሰለው። በማግሥቱ ሁለት ስንዝር ሆነ። መጀመሪያ የቤቱ ሰዎች ሳቁ። በኋላ ዶማ ይዞ አጥሩን ማፍረስ ሲጀምር ሳቁ ቀረ። ያኔ መኪናዋ አልነበረችም፤ ጎረቤት የጠራው ፖሊስ ነበር። አራት ሆነው መጡ። ገመድ አልያዙም ነበርና በራሱ የመለኪያ ገመድ አሰሩት። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ በፒክአፕ ጭነው ወሰዱት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ የእጁ አንጓ ላይ የገመዱ ምልክት አልጠፋም ነበር፤ ለሁለት ወርም ቃል አልተነፈሰም። አጣሪው ያን ጊዜ ለራሱ ማለ፦ ሁለተኛ ጋሼን ገመድ አይነካውም።

ከዚያ መኪናዋ ሥራ ጀመረች። ሾፌሩ እንደ ሌላው ሰው «አጥሩ መቼ ተነቃነቀ?» ብሎ አልተከራከረም። «እንለካዋ!» አለና የሜትሩን ጫፍ ያዘ። ሦስት ጊዜ ለኩ። በአራተኛው ጋሼ ደብተሩን ከሜትሩ ጋር አስተያየና «ልክ ነው፤ ከቦታው ነው» ብሎ እጁን ታጠበ። ነርሷ መድኃኒቱን ስትሰጠው ሳያንገራግር ዋጠ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ዶማም ገመድም የለም፤ ሜትር ብቻ ነው ያለው።

በመሥሪያ ቤት ግን «ወንድምህ እንዴት ነው?» ላለው ሁሉ አጣሪው መልሱ አንድ ነው። «መስክ ነው።» ቀያሽ መስክ ቢወጣ ማን ይገረማል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መስክ ነው። የሚለካው ምን የሚያህል አገር ቢሆን ነው ብሎ የጠየቀ እስካሁን አልተገኘም።

ማክሰኞ ዋና ሥራ አስኪያጁ አጣሪውን አስጠራው።

«ና እስቲ፣ ተቀመጥ። ይህቺ የቀውስ መኪና ወጪዋ ከፍ አላለም?»

«ጥሪው ስለበዛ ነው ጌታዬ።»

«በሰላም ያለቀው ጉብኝት ስንት ነው?»

«ከመቶው ዘጠና።»

«እንግዲህ በሰላም ካለቀ ቀውስ አልነበረማ! ላልነበረ ቀውስ ለምን እንከፍላለን?»

«አሥሩ ግን ሆስፒታል ገብተዋል።»

«ሆስፒታል ከገቡ መኪናዋ ምን ሠራች? ላልተሠራ ሥራስ ለምን እንከፍላለን?»

 ነገሩ እንደ መቀስ ነው፤ በየትኛው በኩል ጣትህን ብታገባ ይቆርጥሃል።

«ሕዝባችን ጤነኛ ነው» አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «እኔን ውሰድ። በቤተሰቤም ሆነ በጎረቤቴ አእምሮው የተነካ ሰው አይቼ አላውቅም። አንተስ?»

«እኔም» አለ አጣሪው።

«ወንድምህ ደህና ነው?»

«መስክ ነው።»

«አየህ! ሥራ ያለው ሰው አይታመምም። በል ለሐሙስ ስብሰባ ይቋረጥ የሚል ሐሳብ አዘጋጅልኝ። ስለዚያ ባለጌ ሾፌር የቀረበውንም አቤቱታ አያይዝበት። ሰላም የማይል ሰው እንዴት ሰው ያረጋጋል?»

አጣሪው «እሺ» ብሎ ወጣ። በደረጃው ሲወርድ ጋሼ በፒክአፑ ላይ በጎኑ ተጋድሞ በዓይነ ኅሊናው ተሣለበት። ተመልሶ «ጌታዬ፣ ወንድሜ ቤት ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ። አፉ ግን ዘጠኝ ዓመት የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ። አንድን ነገር መቃወም ካልቻልክ አባሪ አብዛበት፤ አባሪ የበዛበት ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ እስኪጠራ ስንት ነገር ይሆናል። ስድስት አባሪ አዘጋጀ። ሰባተኛው እንዲሆን ነርሷ ጋ ደወለ።

«ሲስተር፣ ስለ ሾፌሩ ጠባይ በጽሑፍ ማብራሪያ ላኪልኝ።»

«ጠባዩ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ሰላም አይልም ተብሎ አቤቱታ ቀርቦበታል።»

«ማን ነው ያቀረበው?»

«የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ።»

በስልኩ ውስጥ ነርሷ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማ። ከዚያ «እ... እሺ» አለች። «መመሪያችንን እልክልሃለሁ። ግን ባታነቡት ይሻላል።»

«ማንም አያነበውም። አባሪ ነው።»

መመሪያውን አጣሪው ያውቀዋል። ያወቀውም ተቀይሞ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሾፌሩን አይቶ ፊቱን በፈገግታ ቢያበራለት፣ ሾፌሩ በአጠገቡ እንደ ነፋስ አለፈ። አጣሪው ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ከረመ። ቤቴ ገብቶ፣ በብርጭቆዬ ጠጥቶ! መኪናዋ እንደገና ስትመጣ፣ ሾፌሩ ሜትሩን ይዞ ግቢው ጥግ ቆሞ ሳለ አልቻለም፤

«አንተ፣ ዳቦ ቤት አላየኸኝም?»

«አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰላም ብልህ፣ ከኋላህ የተሰለፈው ሰው ከየት ትተዋወቃላችሁ ይልሃል። ምን ትለዋለህ? መስክ ላይ?»

አጣሪው ወደ ጋሼ ዞር ብሎ አየ።

«አንተ ቀድመህ ሰላም ካልከኝ ግን» አለ ሾፌሩ፣ «እስኪመሽ አጫውትሃለሁ። ጋሼ፣ ያዝ! አራት ሜትር ከሠላሳ!»

ሐሙስ ጠዋት በስብሰባ አዳራሹ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰዎች ተቀመጡ። በራስጌ ዋና ሥራ አስኪያጁ። በቀኙ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ። በግራው የዕቅድ ኃላፊው፤ ያለ መቶኛ ስለማይናገር «ፐርሰንት» ነው የሚሉት። ከእሱ ቀጥሎ ከተቀጠረ ሦስት ሳምንት የሆነው ወጣቱ የሕግ ባለሙያ። ከዚያ አጣሪው። በግርጌ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ። ነርሷ በሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ቢጠራ እንዲቀርብ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነው።

ስብሰባው ጥሩ ሄደ፤ ለማቋረጥ ለፈለገ ማለት ነው። ፐርሰንት «ሰባ ስምንት ፐርሰንቱ ቤተሰብ ቤቱ ያለውን ነገር ራሱ መቻል ይችላል» አለ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ «ነገር ያለበት ቤት ይሸፍነዋል እንጂ መኪና አይጠራበትም» አለች። ዋና ሥራ አስኪያጁ ከሁለቱም ጋር ተስማማ። አጣሪው አቀርቅሮ የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«እንግዲህ ሾፌሩንም በተመለከተ» አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ «አቤቱታው በቂ ነው። እንወስን።»

ወጣቱ የሕግ ባለሙያ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ክቡር ሥራ አስኪያጅ። ለአቤቱታው መልስ አባሪ ሰባት ላይ አለ እኮ።»

ሁሉም ዞር ብለው አዩት። በዚያ መሥሪያ ቤት አባሪ ያነበበ ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ስለሆነው ማንም አልነገረውም ነበር።

«በል አንብበው» አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ሰዓቱን እያየ።

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቀጽ አራት። የቡድኑ አባል ለአገልግሎት በገባበት ቤት የሚኖርን ማንኛውንም ሰው በመንገድም ሆነ በሥራ ቦታ ሲያገኘው፣ ሰውየው ቀድሞ ሰላም ካላለው በስተቀር ሰላም አይለውም፤ እንደሚያውቀውም አያሳይም። የቀረውን ሰው ሁሉ ግን በወጉ ሰላም ይላል።»

 ጸሐፊዋ ብቻ ትጽፋለች። ከዚያ እሷም አንድ ነገር የገባት ይመስል እስክሪብቶዋን አቆመችና የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋን አየቻት።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። «አላየኝም ይሆናል» አለች። «ሳስበው አላየኝም። ኮሪደሩ ጨለማ ነው።»

«በጣም ጨለማ ነው!» አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ስልሳ ፐርሰንቱ አምፖል አይሠራም» አለ ፐርሰንት።

«እኔም አንዳንዴ እደናቀፋለሁ» አለ አጣሪው። በዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ እንዲህ ያለ ስምምነት ታይቶ አይታወቅም።

«ስለዚህ አቤቱታዬን አንሥቻለሁ» አለች የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ። «አለቀ።»

«ተነሥቷል» አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ። «ሾፌሩም ይሂድ፤ ሰው ውጭ አናስቁም።»

«ይቅርታ» አለ ወጣቱ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ እየገለጠ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ሥራውን ወዶት ነው። «በራሳችን ደንብ መሠረት፣ አቤቱታ ቢነሣም የተከሰሰው ሰው ቀርቦ ቃሉን ሳይሰጥ መዝገብ አይዘጋም። ክቡርነትዎ ባለፈው ዓመት የፈረሙት ነው። ውጭ ስላለ አሁኑኑ ይግባና እንጨርስ።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ፊርማውን አየ። የራሱ ናት፤ ጅራቷ ረጅም።

«እኔ ልጥራው» ብላ ነርሷ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች።

«አንቺ ተቀመጪ ሲስተር፣ የኔ ሥራ ነው» አለች ጸሐፊዋ፤ በሩን ከፍታ ወደ ኮሪደሩ «ወንድም፣ ና ግባ!» ብላ ተጣርታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ለአጣሪው ነገሩ ወለል ብሎ የታየው ያኔ ነው። ሾፌሩ ይገባል። እንደ ወጉ ከራስጌ ጀምሮ አንድ በአንድ ሰላም ይላል። እሱ ጋ ሲደርስ ይዘላል። አንቀጽ አራት ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ በጨለማ አመካኝታ አመለጠች፤ በዚህ አዳራሽ ግን ስምንት አምፖል በርቷል። ዘጠኝ ዓመት መስክ የነበረው ጋሼ አሁን በሁሉም ፊት ሊመለስ ነው። በገዛ አባሪው! ራሱ ለምኖ፣ ራሱ ቁጥር ሰጥቶ ባያያዘው ወረቀት!

የእግር ድምፅ ቀረበ። አንድ መውጫ ብቻ አለ። «ሰውየው ቀድሞ ሰላም ካላለው በስተቀር» ይላል። ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። ተነሥቶ፣ ቀለል አድርጎ፣ እንደ ትሑት ሰው። አንድ ሠራተኛ ለአንድ ሾፌር ቢነሣ ምን አለበት? ጨዋ ነው ይሉታል እንጂ። አጣሪው እግሮቹን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ፣ መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ፣ ጠበቀ።

ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገና አንድ እግሩን ወደ ውስጥ እንዳስገባ፣ አጣሪው ብድግ አለ።

«ደህና አደርክ! ደህና ነህ ወይ?»

ከአፉ ሲወጣ ግን ቃሉ ከሌሎችም አፍ አብሮ የወጣ መሰለው። ከጎኑ ወንበር ሲጎተት ሰማ፤ ከፊቱ ደግሞ ሌላ ወንበር ተገልብጦ ወለሉን መታ። ዞር አለ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ቆማለች፤ የተገለበጠው ወንበር የሷ ነው፤ «እንዴት አደርክ የኔ ወንድም፣ እንዴት ነህ» እያለች ነው። ፐርሰንት ቆሟል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ መቶኛ «ሰላም ነው? ሰላም ነው?» ይላል። በራስጌም፣ ወገቤን ያመኛል እያለ ለበላይ አለቆቹ እንኳ የማይነሣው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ከሁሉም ቀድሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን በውኃ ጠርሙሶቹ ላይ አሻግሮ ዘርግቶ «ኖር! ኖር!» ይላል።

ከጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ወጣቱ የሕግ ባለሙያና ጸሐፊዋ። እነሱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ሾፌሩ ደፉ ላይ ቆመ። የተዘረጉትን አራት እጆች አየ። ነርሷን አየ። ነርሷ ፊቷን በአባሪ ሰባት ሸፍናለች። ሾፌሩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና አልደነገጠም። መጀመሪያ ወደ ተቀመጡት ሁለቱ ሄደ። «እንደምን አደርሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አላት ጸሐፊዋን። ወጣቱን «አዲሱ ነህ አይደል? እንኳን ደህና መጣህ» አለው። ከዚያ ወደ አራቱ ዞሮ፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው የሁሉንም እጅ ጨበጠ።

«ኧረ በሞቴ ተቀመጡ» አለ። «እኔ ሾፌር ነኝ እኮ።»

ማንም አልተቀመጠም። አራቱ ተራ በተራ ተያዩ፤ አንዱ ሌላውን ሲያይ፣ ያየው ደግሞ መልሶ ሲያየው፣ ዓይን የሚያሳርፉበት ቦታ ጠፋ። ፐርሰንት ጠረጴዛውን ማየት መረጠ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ የወደቀ ወንበሯን ልታነሣ አጎንብሳ ቶሎ ቀና አላለችም።

«ይሄ በቃለ ጉባኤው ይግባ?» አለች ጸሐፊዋ።



አጣሪው የሾፌሩን እጅ አልለቀቀም ነበር። ዓይኑ ላይ ፒክአፑ፣ ገመዱ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ሰፈር መጣበት፤ አንደበቱ እንደ ዛገ በር ከተከፈተ ደግሞ መዝጋቱ የበለጠ ከበደው።

«ጋሼ ሰላም ብሎሃል» አለው። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ ግን ሁሉም ሰማው። «ቅዳሜ በምሥራቅ በኩል ያለውን እንለካለን ብሏል።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ እጁ እንደተዘረጋ፣ ከልማድ ብዛት እንጂ አስቦበት አይደለም፣ «ወንድምህ?» አለ። «መስክ አይደለም እንዴ?»

«ቤት ነው» አለ አጣሪው።